ሶሉ የወፈረ የሩጫ ጫማ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። 41 ዓመቴ ነው፣ 78 ኪሎ እመዝናለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት በአስፋልቱ ከዚራ ደርሼ ዞሬ እመለሳለሁ፤ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ 6 ኪሎ ሜትር ያህል እንሮጣለን። ከሁለት ወር ወዲህ ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ስረግጥ ተረከዜን ይወጋኛል፤ ትንሽ ስራመድ ይተወኛል። ገበያ ውስጥ ሶሉ ሦስት ጣት የሚያህል ሆካ የሚባል የሩጫ ጫማ አየሁ። ሻጩ ‹ተረከዝ ያድናል› አለኝ። አብሮን የሚሮጥ ልጅ ደግሞ ‹ወፍራም ሶል እግር ያሰንፋል፣ ጉልበት ይበላል፣ የሰነፍ ጫማ ነው› ይላል። ልግዛ ወይ? ከገዛሁስ እንደ ሌላው ጫማዬ ዙሪያውን ላሰፋው?»

ምላሽ፦ ይግዙት፤ ለአስፋልቱ ይጠቅምዎታል። ደቻቱ ግን ይዘውት አይውረዱ፣ ዙሪያውንም አያሰፉት። «ያድናል» የሚለውን የሻጭ ወሬ ነው ብለው ይለፉት። ጫማው ሕመሙን ሊያስታግስልዎ ይችላል፤ የሚያድነው ሥራ ሌላ ነው፣ ከታች እመጣበታለሁ።

ሲሮጡ እግርዎ መሬት ላይ የሚያርፍበት ኃይል ከሰውነትዎ ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ነው። በ78 ኪሎ ሲሰላ በእያንዳንዱ እርምጃ ከ156 እስከ 234 ኪሎ ማለት ነው። በደቂቃ 160 እርምጃ ብንቆጥር በአንድ ሰዓት 9,600 እርምጃ፣ ለአንድ እግር 4,800 ይሆናል። ወፍራም ስፖንጅ ይህን ጫና አያጠፋውም። ኃይሉ የሚደርስበትን ጊዜ በጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ያራዝመዋል፤ ተረከዝ አጥንት ሥር አንድ ቦታ ላይ ያርፍ የነበረውንም ሰፋ አድርጎ ይበትነዋል። ለእርስዎ የሚጠቅምዎ ይህ ሁለተኛው ነው። የቀረው ሒሳብ ግን ወደ ላይ፣ ወደ ባትና ወደ ጉልበት ይዞራል፤ ልጁ «ጉልበት ይበላል» ያለው መነሻ የለውም ማለት አይቻልም።

ሰውነታችን የረገጠው ነገር ለስላሳ ሲሆን ጉልበትና ቁርጭምጭሚትን ጠንከር አድርጎ ይይዛል። የፊንላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። 12 ወንዶችን አንድ ጊዜ በወፍራሙ ሆካ፣ አንድ ጊዜ በተለመደ የሩጫ ጫማ አሯሯጧቸው። በሰዓት 14.5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ እግር መሬት ሲመታ የሚፈጠረው የመጀመሪያው የምት ኃይል በወፍራሙ ጫማ በ10.7 በመቶ ጨምሮ ተገኘ፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጭማሪው 6.4 በመቶ ነበር። እርስዎ የሚሮጡት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው። ደግሞም ያ ጥናት የለካው የምትን ኃይል እንጂ ስንት ሰው እንደተጎዳ አይደለም። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ብዙ ክርክር የሚነሳውም እነሱን ከማደባለቅ ነው።

ጉዳትን የቆጠረው የሉክሰምበርግ ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። 848 ተራ ሯጮች መልኩ አንድ የሆነ ጫማ ተሰጣቸው፤ የግማሾቹ ስፖንጅ ለስላሳ፣ የሌሎቹ ጠንካራ ነበር፤ የትኛው እንደደረሰው ማንም አልተነገረውም። በስድስት ወር ውስጥ ጠንካራውን ያደረጉት የመጎዳት ዕድላቸው ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ቀለል ባሉት ሯጮች ላይ ነው፤ ከባድ በሆኑት ላይ ያን ያህል ግልጽ አልነበረም።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ የተነጻጸረው ልስላሴ እንጂ ውፍረት አይደለም። ገበያ ውስጥ ሦስት ጣት የሚያህል ሆኖ እንደ ጎማ የደረቀ ሶል ሞልቷል። ቀጭን ሆኖ ለስላሳ የሆነም አለ። ሶል ስላበጠ ብቻ ምቾት ገዛሁ አይበሉ።

«የሰነፍ ጫማ» የሚለውን ደግሞ ቶሎ ልለፈው። ሆካን እ.ኤ.አ. በ2009 አንሲ፣ ፈረንሳይ ውስጥ የመሠረቱት ሁለት ሰዎች የፈለጉት ተራራ በፍጥነት መውረድ ነበር፤ ውፍረቱ የመጣው ከዚያ ነው። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 የበርሊን ማራቶንን በ2:11:53 ስታሸንፍ ያደረገችው አዲዳስም ሶሉ ወፍራም ነው፤ ክብደቱ ግን 138 ግራም ብቻ ነው፣ ኩባንያው ራሱ ለአንድ ማራቶን የተሠራ ነው ብሎ በ500 ዶላር የሸጠው። እንዲያውም ውፍረት ስለሚያፈጥን ነው የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ውድድር 40 ሚሊ ሜትር ላይ ገደብ ያበጀለት። ደራራ ሁሪሳ እ.ኤ.አ. በ2021 ቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ጨርሶ የተሰረዘው ሶሉ 50 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ነው። የእርስዎ ጫማ ከነዚህ የተለየ ዝርያ ነው፤ በ42 እና 43 ቁጥር አንዱ እግር ከ250 እስከ 320 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር የሚያስፈልገው ኦክስጅን ወደ 1 በመቶ ይጨምራል። ለውድድር ሰው ብዙ ነው፤ ለእርስዎ ግን ያን ያህል አያሳስብም።

አሁን ወደ ተረከዝዎ። ጠዋት የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ወግቶ ሲሞቅ የሚተው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ እስከ ጣቶች የተዘረጋው ወፍራም ጅማት ነው፤ ፕላንታር ፋሻ ይባላል። ቁጭ ብለው የታመመውን እግር ሌላኛው ጉልበትዎ ላይ ያስቀምጡ፤ አውራ ጣቱን በእጅዎ ወደ ላይ ይሳቡት። በሌላው እጅ ውስጥ እግርዎን ሲዳስሱ ጅማቱ ተወጥሮ ያገኙታል። ሲሮጡም መሬት ለቀው ሊነሱ ሲሉ ጣቶችዎ በታጠፉ ቁጥር እንዲሁ ይወጠራል። የወፍራም ጫማ ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ስፖንጁን ብቻ ያያል። የአብዛኞቹ ሶል ከፊት ወደ ላይ ጎበጥ ያለ ስለሆነ እግርዎ ይንከባለላል፣ ጣቶችዎ ያን ያህል አይታጠፉም፣ ጅማቱም ያን ያህል አይሳብም። የአውራ ጣት መገጣጠሚያው ለደረቀበት፣ ከጣቶቹ ሥር ያለው መርገጫው ለሚያቃጥለው ሰውም የሚረዳው በዚሁ ነው።

የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ባት ላይ ነው። የተለመደ የሩጫ ጫማ ተረከዙ ከጣቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፤ የብዙ ወፍራም ጫማዎች ግን ከ4 እስከ 6 ብቻ ነው። ከውጭ ሲያዩት ከፍ ያለ ይመስላል እንጂ ከውስጥ ተረከዝዎ ከለመደው ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ባትና የተረከዝ ጅማት ከወትሮው በላይ ይሠራሉ። ገዝቶ በማግስቱ 8 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው በሳምንቱ ባቱ ተይዞ «ጫማው አበላሸኝ» የሚለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቀስ ብለው ይግቡበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከሦስቱ ቀን አንዱን ብቻ፣ ያውም 4 ኪሎ ሜትር በአዲሱ፤ ሌላውን በአሮጌው። ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ላይ ያንኑ አንድ ቀን ሙሉ 8 ኪሎ ሜትር ያድርጉት። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሁለት ቀን። ሦስተኛው ቀን ለአሮጌው ጫማ ይቅር፤ ሶሉ ካለቀ ሌላ ተራ የሩጫ ጫማ ይተካው እንጂ ሦስቱንም ቀን ለወፍራሙ አይስጡ። በዚያው በሉክሰምበርግ 264 ሯጮችን ለ22 ሳምንት የተከታተለ ሌላ ጥናት ጫማ እያቀያየሩ የሮጡት የመጎዳት ዕድላቸው በ39 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ባትዎ ከሁለት ቀን በላይ ከታመመ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። ጣት ከደነዘዘ ጫማው ጠቦ ወይም ክሩ ጠብቆ ነው። ቁርጭምጭሚትዎ በውጭ በኩል መድከም ከጀመረ ግን ሶሉ እያንገዳገደዎት ነው፤ ያ ሞዴል ለእርስዎ አልሆነም፣ «ይለመዳል» ብለው አይግፉበት።

ደቻቱን በተመለከተ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ አሸዋ ላይ ተረከዝ ከጣት ዝቅ ብሎ ይሰምጣል፤ ባትም የታመመው ጅማትም ይለጠጣሉ። ስለዚህ ለስድስት ሳምንት ያህል የእሁዱን የአሸዋ ሩጫ በማንኛውም ጫማ ይተዉት፤ ጓደኞችዎን ከዚራ ዛፎቹ ጥላ ሥር ይዘዋቸው ይሩጡ። ሁለተኛ፣ ከዳኑ በኋላም ቢሆን ወፍራሙን እዚያ አያድርጉ። ለስላሳ በለስላሳ ላይ ሲሆን እግር የሚደገፍበት ያጣል፤ ሶሉ ከፍ ባለ ቁጥርም ቁርጭምጭሚት ሲታጠፍ ጥፋቱ ይብሳል። ለአሸዋ ሶሉ ዝቅ ያለና ሰፊ፣ አሮጌም ቢሆን ተራ ጫማ ይሻላል። (በክረምት ደግሞ ጎርፉ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ከደጋው ነው የሚመጣው። የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ ለሚያስታውስ ይህን መንገር አያስፈልግም።)

ኮብልስቶን ላይም ጉዳዩ ያው ነው፤ ሐረር ጀጎል ውስጥ በዚያ ጠባብና ጎርበጥባጣ መንገድ የሚሮጥ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ «ይቅርብዎ» ነበር መልሴ። ወደ ደንገጎ ለሚወጡ ሰዎች ግን ቁልቁለቱ ላይ ወፍራሙ ጭኑን ያሳርፋል። ያ መንገድ የጭነት መኪና የሚበዛበት፣ ኩርባውም ከፊት የሚመጣውን የማያሳይ ስለሆነ በጫማ ብቻ የሚወሰን አይደለም።

ሲገዙ ምን ይዩ? ቀን ሳይሆን ወደ ማታ፣ እግርዎ ሙቀቱን ጠጥቶ አበጥ ካለ በኋላ፣ የሚሮጡበትን ካልሲ ይዘው ይሂዱ። በመጀመሪያ ተረከዙ ጎን ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ገባ ብሎ ወዲያው መመለስ አለበት። ካልገባ ፌክ ነው ወይም ከርሞ ደርቋል። ገብቶ ቀስ እያለ ከተመለሰም ይተዉት። ሁለቱን ጫማ ዝርግ መስታወት ወይም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው ከኋላ በዓይንዎ ትክክል ይዩ፤ አንዱ እንኳ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ካዘነበለ አይግዙት። ከጎን ካለ ሱቅ ሚዛን ለምነው ይመዝኑት፤ አንዱ እግር ከ400 ግራም ካለፈ የስፖንጅ ሳይሆን የደረቅ ፕላስቲክ ክብደት ነው። ምላሱ ውስጥ ያለው የሞዴል ቁጥር በግራውም፣ በቀኙም፣ በካርቶኑም ላይ አንድ መሆን አለበት። ከጣት በኩል ያለውን የማጣበቂያ መስመር በጥፍርዎ ገፋ ያድርጉት፤ ከተከፈተ ገና ሳይሮጡበት አርጅቷል ማለት ነው። ሶሉ በእጅ አልታጠፍ ካለ ግን አይደንግጡ፤ ወፍራምና ጎባጣ ሶል እንዲሁ ነው።

ሰልባጅ ውስጥ ኦርጅናል ይገኛል፣ አውቃለሁ፣ ዋጋውም ያጓጓል። ተረከዝዎ ባይታመም ኖሮ «ይሞክሩት» እልዎ ነበር። የስፖንጁ ጎን ላይ አግድም የተደራረበ ሽብሽብ ካዩ ግን ዕድሜው ያለፈ፣ በሌላ ሰው አረጋገጥ ልክ የተደፈጠጠ ነው።

ሲለኩት ቆመው ከረጅሙ ጣትዎ ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ይቅር። ከሱቁ ምንጣፍ ወጥተው አስፋልት ላይ 50 ሜትር ሮጥ ይበሉ። ተረከዝዎ ከወጣ ቁጥር ከመቀነስዎ በፊት አስተሳሰሩን ይለውጡ፦ ከላይ፣ ቁርጭምጭሚት አጠገብ፣ ብዙ ሰው ባዶ የሚተዋት አንዲት ተጨማሪ ቀዳዳ አለች። ክሩን በዚያው ጎን ከውጭ ወደ ውስጥ ያስገቡና ትንሽ ቀለበት ይተዉለት፤ በሌላውም ጎን እንዲሁ። ከዚያ የቀኙን ጫፍ በግራው ቀለበት፣ የግራውን በቀኙ አሳልፈው ወደ ታችና ወደ ኋላ ስበው ይሠሩ። ሶሉ ከፍ ባለ ጫማ ላይ ይህ እንደ ትርፍ ነገር አይታይ፤ ተረከዝ ከተንሸራተተ መንገዳገዱ እጥፍ ይሆናል።

ማሰፋቱ ላይ አልስማማም። ቆዳ ወይም ዙሪያው ጎማ የሆነ ጫማ ሲሰፋ ክሩ የሚይዘው ጠንካራ ነገር አለው። ስፖንጅ ግን ክር አይዝም። ወስፌው የከፈተው ቀዳዳ በእያንዳንዱ እርምጃ ይሰፋል፣ ክሩ ስፖንጁን እየቆረጠ ይገባል፣ አሸዋና ላብም በዚያው ይገባል፤ የላይኛው ጨርቅም ወደ ታች ተስቦ ጣትዎን ይጫናል። ሲገነጠል ማጣበቅ ነው፦ ሁለቱን ፊት ከአቧራ አጽድተው፣ በሻካራ ወረቀት በቀስታ ፈግፍገው፣ ማስቲሽ በሁለቱም ላይ ስስ አድርገው ይቀቡ። በእጅ ሲነካ መጣበቅ እስኪያቆም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ብዙ ጫማ ሰፊ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ አጥብቆ መጫንና 24 ሰዓት ሳይረገጥ ማሳደር።

ድሬ ላይ የዚህን ጫማ ዕድሜ የሚያሳጥረው ከሩጫው ይልቅ ሙቀት ነው። አብዛኛው ስፖንጅ ኢቪኤ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ይለሰልሳል፣ ሲበዛበት ይኮማተራል፣ ማጣበቂያውም ይላላል። ታጥቦ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተሰጣ ጫማ ማታ ሲወርድ ቁጥሩ ያነሰ፣ ጫፉም ወደ ላይ የተቆለመመ ሊሆን ይችላል። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት። ለሊስትሮ ከሰጡ «ጥላ ላይ» ብለው ይንገሩት። በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ፤ የውስጡ ሶል ወጥቶ ለብቻው ይድረቅ፤ ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቀው ጥላና ነፋስ ባለበት ያስቀምጡት። ወፍራም ስፖንጅ ውስጥ እግር ስለሚሞቅም ሩጫዎን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ቢጀምሩ ፀሐይ ሳትበረታ ይመለሳሉ።

ከ500 እስከ 700 ኪሎ ሜትር የሚያህል ዕድሜ ይቁጠሩለት። በሳምንት ሁለት ቀን 8 ኪሎ ሜትር ከሆነ 16 ኪሎ ሜትር ነው፤ 500ው በ31 ሳምንት ይሞላል፣ ሰባት ወር ገደማ። ክብደትዎና ሙቀቱ ስላሉበት ወደ 700ው ሳይሆን ወደ 500ው ያስቡ። የገዙበትን ቀን የውስጡ ሶል ሥር በእስክሪብቶ ይጻፉበት። በብዙዎቹ ከታች ጎማ ያለው ተረከዝና ጣት ላይ ብቻ ነው፤ መሐሉ ባዶ ስፖንጅ ስለሆነ ጎማው ሳያልቅ ስፖንጁ ይሞታል፤ ከታች እያዩ «ገና አዲስ ነው» አይበሉ።

የሚያድነው ሥራ ይኸውና። ከአልጋ ከመውረድዎ በፊት አውራ ጣቱን ቀደም ብዬ ባልኩት መንገድ ሳብ አድርገው 10 ሴኮንድ ይያዙ፣ 10 ጊዜ ይድገሙ፤ በቀን ሦስት ጊዜ። አልጋው ሥር ነጠላ ጫማ ይኑር፤ የመጀመሪያውን እርምጃ በባዶ እግር ሴራሚክ ላይ አይርገጡ። ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ ደረጃ ጫፍ ላይ ይቁሙ፤ ፎጣ ጠቅልለው ከጣቶችዎ ሥር ያድርጉ፣ ጣቶቹ ወደ ላይ እንዲታጠፉ። ግድግዳ ይዘው በታመመው እግር ብቻ በ3 ሴኮንድ ይነሱ፣ ላይ 2 ሴኮንድ ይቆዩ፣ በ3 ሴኮንድ ይውረዱ። 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀርባዎ ላይ መጽሐፍ የያዘ ቦርሳ ያንጠልጥሉና 10 ጊዜ፣ አራት ዙር፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ክብደቱን ጨምረው 8 ጊዜ፣ አምስት ዙር። ሲሠሩ ከዜሮ እስከ 10 በሚቆጠር መለኪያ እስከ 4 የሚደርስ ሕመም ይፈቀዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው ከባሰ ክብደቱን ይቀንሱ። ይህ የሦስት ወር ሥራ ነው፤ ጫማው በነዚያ ሦስት ወራት መሮጥ ሳያቋርጡ እንዲቆዩ ይረዳዎታል።

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ግን ይህን ሁሉ ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የተረከዝ አጥንትዎን ከሁለቱ ጎን በመዳፍ ጨመቅ ሲያደርጉት በጣም ካመመ፣ ሌሊት ተኝተውም ካልተወዎት፣ ካበጠ ወይም ከደነዘዘ፣ የአጥንት መሰንጠቅ ሊሆን ስለሚችል ድል ጮራም ሆነ ሌላ ሆስፒታል ይታዩ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ በምንም ጫማ አይሩጡ።